የዲትሮይት ፒዛ፦ ከመጠጥ ቤት የወጣው ምግብ ሐላል ማዕድ ላይ እንዴት ደረሰ?



በአሜሪካዋ ዲትሮይት ከተማ ኮናንት የሚባል ረጅም ጎዳና አለ። በዚህ ጎዳና ላይ፣ ማክኒኮልስ ከሚባለው መንገድ ጋር በሚገናኝበት ጥግ፣ በ1946 እ.ኤ.አ. አንድ መጠጥ ቤት ከዚያ በፊት አሜሪካ ውስጥ ያልተለመደ ዓይነት ፒዛ መጋገር ጀመረ። ክብ ሳይሆን አራት ማዕዘን ነው፤ ስስ ሳይሆን ወፍራም ነው፤ ስጎው ከሥር ሳይሆን ከላይ ነው። ዛሬ ያንኑ ጎዳና ይዘን ወደ ደቡብ ብንወርድ ሀምትራምክ የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ እንገባለን። እዚያ የኮናንት ጎዳና ከፊሉ ከ2008 ጀምሮ «ባንግላዲሽ አቬኑ» የሚል የክብር ስም ተሰጥቶታል። የሐላል ሥጋ ቤቶች ተደርድረዋል፣ አዛን በድምፅ ማጉያ ይሰማል። ፒዛው ከተወለደበት መጠጥ ቤት እስከዚህ ድረስ በመኪና የደቂቃዎች መንገድ ነው።

እኛ ስለዚህ ፒዛ ለመጻፍ የተነሳነው ስለ ጣዕሙ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች በብዛት የሚገኙት በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በሚኒሶታ፣ በሲያትልና በመሳሰሉት ከተሞች እንጂ በዲትሮይት አይደለም። ሆኖም ይህ ፒዛ ከዲትሮይት ከወጣ ቆይቷል። በጥር ወር 2021 ፒዛ ሃት የተባለው ድርጅት «የዲትሮይት ፒዛ» ብሎ በመላው አሜሪካ መሸጥ ጀምሮ ነበር። ስለዚህ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር፣ ወንድሞቻችንም በሥራ ቦታቸው በምሳ ሰዓት ይህን ፒዛ ማግኘታቸው አይቀርም። በውስጡ ምን እንዳለና እንዴት እንደሚሠራ ያላወቀ ሰው ደግሞ ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበትም አያውቅም። በተለይ በዚህ ፒዛ ላይ ዓይን የማያየው ነገር አለ፤ እሱን ወረድ ብለን እናነሳዋለን።

በመጀመሪያ ታሪኩን እንይ።

በዲስ የሚባለው ያ ቤት አሜሪካ አልኮልን በሕግ በከለከለችበት ዘመን (ከ1920 እስከ 1933) በድብቅ መጠጥ የሚሸጥበት ቤት ነበር። ክልከላው ሲነሳ በግልጽ መጠጥ ቤት ሆነ። ባለቤቱ ገስ ጉዌራ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለደንበኞቹ የሚበላ ነገር መጨመር ፈለገ። በብዛት የሚነገረው ታሪክ የባለቤቱ የአና እናት ከሲሲሊ የመጡ ስለነበሩ የሊጡ አሠራር የተገኘው ከእሳቸው ነው ይላል። ሲሲሊ ውስጥ ስፊንቾኔ የሚባል ወፍራም፣ እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ፣ በትሪ የሚጋገር ዳቦ አለ። የዲትሮይቱ ፒዛ የዚያ ዝርያ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅንፍ እንበል። ሲሲሊ ከ9ኛው እስከ 11ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በሙስሊሞች አስተዳደር ሥር ነበረች። ሎሚና ብርቱካን፣ ሸንኮራ አገዳ፣ ሌላም ብዙ ነገር ወደ ደሴቲቱ የገባው ወይም የተስፋፋው ያኔ ነው። ስፊንቾኔ የሚለው ስም ራሱ ስፖንጅ ከሚለው የዓረብኛ ቃል «ኢስፈንጅ» የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ የለም ከላቲን ነው የሚሉም አሉ። ከዚህ ተነስቶ «ፒዛን የፈጠሩት ሙስሊሞች ናቸው» ማለት ግን አያስኬድም። ቲማቲም ከአሜሪካ አህጉር ወደ አውሮፓ የገባው ሙስሊሞች ከሲሲሊ ከወጡ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። ታሪካችን በቂ ክብር ስላለው የሌለንን መጨመር አያስፈልገንም።

ወደ ዲትሮይት እንመለስ። ሊጡ ሲሲሊያዊ ቢሆንም ፒዛውን የዲትሮይት ያደረገው ትሪው ነው። ዲትሮይት የመኪና ከተማ ናት። ፎርድ፣ ጄኔራል ሞተርስ እና ክራይስለር ሦስቱም መሠረታቸው እዚያው ነው። በመኪና ፋብሪካዎቹ ውስጥ ብሎኖችና ትንንሽ ዕቃዎች የሚቀመጡባቸው ወፍራም፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር የብረት ትሪዎች ነበሩ። ጠርዛቸው ከፍ ያለና ወደ ውጭ ዘንበል ያለ ነው። እንደሚባለው የመጀመሪያዎቹ ፒዛዎች የተጋገሩት በእነዚህ ትሪዎች ነው። በቤታችን ከምናውቀው ስስ የአሉሚኒየም ትሪ የሚለዩት ሙቀት ይዘው መቆየታቸው ነው። ከባድ ብረት አንዴ ከጋለ በኋላ ሊጡን ከሥር እንደ መጥበሻ ይጠብሰዋል። የእኛ እናቶች እንጀራ ለመጋገር ምጣዱ በደንብ እስኪግል የሚጠብቁት በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ ያልጋለ ምጣድ ሊጥን ያደርቃል እንጂ አይጋግርም።

ሁለተኛው መለያ ቺዙ ነው። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው የፒዛ ቺዝ ሞዛሬላ ነው። ዲትሮይቶች የሚጠቀሙት ግን «ብሪክ» የሚባለውን ነው፤ ጡብ ማለት ነው። ይህ ቺዝ በጎረቤቷ በዊስኮንሲን ግዛት በ1870ዎቹ ከስዊዘርላንድ በመጣ ጆን ጆሲ በተባለ አይብ ሠሪ የተጀመረ ሲሆን ቅርጹም የጡብ ቅርጽ ነው፤ ሲሠራም በጡብ ይጫኑት ነበር። ከሞዛሬላ የበለጠ ቅባት አለው፣ ቶሎ ይቀልጣል። ይህን ቺዝ በትንንሹ ቆራርጠው እስከ ትሪው ጠርዝ ድረስ ይበትኑታል። ሲቀልጥ በሊጡና በብረቱ መካከል ሾልኮ ይወርድና በራሱ ቅባት ይጠበሳል። ፒዛው ከትሪው ሲወጣ በአራቱም ጎን ጥቁር ቡናማ የሆነ፣ ጥርስ ሥር ኩርሽም የሚል የቺዝ ግድግዳ ይኖረዋል። የዲትሮይት ሰው ከዚህ ፒዛ የሚወደው ይህንን ነው። የጥጉ ቁራሽ ሁለት ጎኑ የተጠበሰ ስለሆነ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እሱን ማን ይወስዳል የሚለው ጭቅጭቅ ያስነሳል። ትንሹ ትሪ በአራት ስለሚቆረጥ አራቱም ቁራሽ ጥግ ነው፤ ልጆች ለሚበዙበት ቤት ተመራጩ እሱ ነው።

ስጎው በመጨረሻ ይመጣል። በቺዙ ላይ በሁለት ወይም በሦስት መስመር ይፈስሳል፤ አንዳንድ ቤት ፒዛው ከተጋገረ በኋላ ነው የሚጨምረው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ስጎው ከሥር ቢሆን ወፍራሙ ሊጥ ውኃ ጠጥቶ ይላቁጥ ነበር።

እና ፔፐሮኒው? ብዙ አንባቢ እንደሚያውቀው ፔፐሮኒ በቀጫጭኑ የሚቆረጥ ቀይ ቋሊማ ነው። ስሙ የጣሊያን ይምሰል እንጂ አሜሪካ ውስጥ ጣሊያናውያን ስደተኞች የፈጠሩት ነው፤ ጣሊያን አገር ሄዶ «ፔፐሮኒ» ያዘዘ ሰው የሚቀርብለት ቃሪያ ነው። አሜሪካ ውስጥ «ፔፐሮኒ» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ የአሳማ ሥጋ፣ ወይም የአሳማና የበሬ ድብልቅ ነው ብሎ መውሰድ ይገባል። በክቡ ፒዛ ላይ ከላይ ስለሚታይ ሰው አይቶ ይተወዋል። በጥንቱ የዲትሮይት አሠራር ግን ፔፐሮኒው የሚደረደረው ሊጡ ላይ ነው። ቺዙ ከላይ ይሸፍነዋል፣ ስጎው ከዚያ በላይ ይፈስሳል። ስለዚህ ከላይ ሲታይ ቺዝና ቲማቲም ብቻ የሚመስል ፒዛ ውስጡ የአሳማ ሥጋ ሊኖርበት ይችላል። ከላይ ዓይን የማያየው ነገር ያልነው ይህ ነው። በግብዣ ላይ ወይም በሥራ ቦታ ተከፍቶ የቀረበ የዲትሮይት ፒዛ ያየ ሰው «ቺዝ ብቻ ነው» ብሎ በዓይኑ ሊፈርድ አይችልም። ልጆችንም ይህን ማስረዳት ይጠቅማል፤ እነሱ የሚያውቁት «ቀይ ክብ ነገር ካለበት አትብሉ» የሚለውን ብቻ ሊሆን ይችላልና።

ከአሳማው ቀጥሎ የሚመጣው የእርዱ ጉዳይ ነው። አገር ቤት ላደገ ሰው ይህ ጥያቄ ቀላል ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የየራሱን አርዶ ይበላል፣ ሥጋ ቤቱም ተለይቶ ይታወቃል፤ በሠርግና በለቅሶ ሳይቀር ለጎረቤት ለብቻው ታርዶ በክብር ይቀርብለታል። አሜሪካ ሲደረስ ይህ ሁሉ ይጠፋል። ዑለማዎች «የመጽሐፉ ሰዎች» እርድ በሱረቱል ማኢዳ እንደተፈቀደ ያነሳሉ፤ ነገር ግን በዛሬው የአሜሪካ ቄራ የሚታረደው የዚያን ፈቃድ መስፈርት ያሟላል ወይ በሚለው ላይ ይለያያሉ። እንስሳው ከመታረዱ በፊት በኤሌክትሪክ ወይም በሌላ መንገድ መደንዘዙ፣ ዶሮ በማሽን መታረዱ፣ አራጁ ማን እንደሆነ አለመታወቁ፣ ሁሉም ያከራክራል። በአሜሪካ ሙስሊሞች ዘንድ «ሐላል» ከሚለው ቃል ጎን «ዘቢሓ» የሚል ቃል የተለመደውም ለዚህ ነው፤ በሙስሊም እጅ፣ ቢስሚላህ ተብሎበት የታረደ ለማለት ይጠቀሙበታል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ፈትዋ አንሰጥም። የምንለው አንድ ነገር ነው፤ «የበሬ ፔፐሮኒ» የሚል ጽሑፍ አሳማ አለመሆኑን እንጂ ሐላል መሆኑን አይነግረንም። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ብዙ ሰው ግን ያምታታቸዋል።

ቺዙም የራሱ ጥያቄ አለው። ወተትን ለማርጋት የሚያገለግለው ኢንዛይም በጥንቱ አሠራር ከጥጃ ጨጓራ የሚወጣ ነው። በፊቅህ መጻሕፍት «ኢንፈሓ» ተብሎ በሰፊው የተነሳ ጉዳይ ነው። ኢማም አቡ ሐኒፋ በሸሪዓ መንገድ ካልታረደ እንስሳ የወጣውንም ንጹህ ነው ሲሉ፣ የሻፊዒና የማሊኪ መዝሀብ ግን በዚህ አይስማሙም። በአገራችን የሻፊዒ መዝሀብ ስለሚያመዝን ጥያቄው ብዙዎቻችንን ይመለከታል። ደግነቱ ጊዜው ነገሩን አቅልሎታል። በ1990 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ይኸው ኢንዛይም በረቂቅ ተሕዋስያን አማካኝነት በፋብሪካ እንዲመረት ከፈቀደ ወዲህ በአሜሪካ የሚመረተው አብዛኛው ቺዝ የሚረጋው በዚህ ነው። በማሸጊያው ላይ «የማይክሮቢያል» ወይም «የቬጀቴሪያን» ኢንዛይም የሚል ካለ ከእንስሳ ጨጓራ የወጣ አይደለም ማለት ነው። ፒዛ ቤት ውስጥ ግን ማሸጊያው ስለማይታይ መጠየቅ ግድ ነው።

እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ የሚኖር ሰው ዲትሮይት አካባቢ ቢደርስ እፎይ የሚልበት ቦታ ያገኛል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ወደ መኪና ፋብሪካዎቹ መመለስ ያስፈልጋል።

ሄንሪ ፎርድ በ1914 ለሠራተኞቹ የቀን 5 ዶላር ክፍያ ሲያውጅ በዚያ ዘመን ያልተሰማ ገንዘብ ነበር። ወሬው ከሊባኖስና ከሶርያ እስከ የመን ደረሰ። ሙስሊሞቹ መጀመሪያ የሰፈሩት የፎርድ ፋብሪካ በነበረበት በሃይላንድ ፓርክ ነው፤ በአሜሪካ ውስጥ መስጂድ ተብለው ከተሠሩ የመጀመሪያዎቹ ሕንፃዎች አንዱ በ1921 የተከፈተው እዚያ ነበር። በኋላ ፎርድ ግዙፉን የሩዥ ፋብሪካ ዲርቦርን ላይ ሲሠራ ሙስሊሞቹም ተከትለው ወደ ዲርቦርን ሄዱ። የሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት፣ ቀጥሎም የኢራቅና የየመን ችግሮች ተጨማሪ ሰዎችን አመጡ። ዛሬ 110 ሺህ ገደማ ሕዝብ ካላት ዲርቦርን ከግማሽ በላይ የሚሆነው የዓረብ ዝርያ ያለው ነው። በ2021 አብደላህ ሐሙድ የከተማዋ የመጀመሪያው ዓረብና ሙስሊም ከንቲባ ሆነው ተመርጠዋል።

ሀምትራምክ ደግሞ ሌላ ታሪክ አላት። ከ6 ካሬ ኪሎ ሜትር በታች የሆነች፣ ዙሪያዋን በዲትሮይትና በሃይላንድ ፓርክ የተከበበች፣ በ2020 ቆጠራ 28 ሺህ ያህል ሕዝብ የነበራት ከተማ ናት። ለአሥርት ዓመታት የፖላንዳውያን ከተማ ነበረች፤ የዶጅ መኪና ፋብሪካ ያመጣቸው ናቸው። ፋብሪካው በ1980 ሲዘጋ ፖላንዳውያኑ ወደ ዳርቻ ከተሞች ወጡ፣ ርካሽ የነበሩት ቤቶች በየመናውያንና በባንግላዲሻውያን ተያዙ። በ2004 የከተማዋ ምክር ቤት አዛን በድምፅ ማጉያ እንዲሰማ ሲፈቅድ ወሬው ዓለምን አዳረሰ፤ ጉዳዩ ለነዋሪው ድምፅ ቀርቦም ጸደቀ። በ2021 ምርጫ ሁሉም የምክር ቤት አባላት ሙስሊሞች ሆኑ። በጥር 2023 ምክር ቤቱ ነዋሪዎች ከተማውን አሳውቀው በግቢያቸው ኡድሒያ ማረድ እንዲችሉ ወስኗል። ለእኛ በግቢ ማረድ የተለመደ ነገር ነው፤ በአሜሪካ ከተማ ውስጥ ግን ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም፣ የእንስሳት ተቆርቋሪዎችም ብዙ ተከራክረውበታል።

እንዲህ ያለ ሕዝብ ባለበት የከተማው ምግብ ሳይለወጥ አይቀርም። በዲርቦርንና በሀምትራምክ ሰፈሮች የበሬ ፔፐሮኒያቸው፣ ዶሯቸውና ቋሊማቸው ሐላል የሆነ ፒዛ ቤቶች ማግኘት አስቸጋሪ አይደለም። አንዳንዶቹ መጠጥም አሳማም ወደ ቤታቸው አያስገቡም፤ የትሪውና የመቁረጫው ጥያቄ ያኔ በራሱ ያበቃል። ሀምትራምክ ውስጥ ባንግላዲሻውያን የከፈቱት «አማር ፒዛ» የሚባል ቤት ናጋ የሚባለውን እሳት የሆነ ቃሪያ በፒዛ ላይ በማድረግ ይታወቃል። አማር በባንግላ ቋንቋ «የእኔ» ማለት ነው። ሚጥሚጣ ለለመደ ኢትዮጵያዊ ፈተናው ቀላል ይመስላል፤ ናጋ ግን በዓለም ላይ ካሉ እጅግ የሚያቃጥሉ ቃሪያዎች ውስጥ ስለሆነ ሳይፎክሩ መቅረቡ ይሻላል።

ፒዛ ብቻ አይደለም። ሊባኖሳውያኑ ከፒዛ በፊት የራሳቸው ነበራቸው፤ መናቂሽ የሚባለው ዘዕተርና የወይራ ዘይት የተቀባ ቂጣ እና የተፈጨ ሥጋ የሚቀባበት ለሕም ቢዓጂን። ጠዋት ትኩስ ሆኖ የሚበላ ነው። በ1979 የተከፈተው ሻቲላ ጣፋጭ ቤት በረመዳን ሌሊት ሰው የሚጎርፍበት ነው። በ1989 የተመሠረተው አል አሚር ምግብ ቤት በ2016 የጄምስ ቢርድ ተቋም ለየአካባቢው አንጋፋ ምግብ ቤቶች የሚሰጠውን ሽልማት አግኝቷል። በረመዳን ሌሊት በዲርቦርን ጎዳና እስከ ሱሑር የሚበላና የሚጠጣ ሕዝብ ይታያል።

የየመኖቹ ቡና ቤቶች ደግሞ ለእኛ ቅርብ ናቸው። በ2017 ዲርቦርን ላይ የተጀመረው ቀህዋ ሃውስ በመላው አሜሪካ ቅርንጫፎች ከፍቷል፤ ብዙ ሌሎችም ተከትለውታል። መጠጥ የሌለበት፣ እስከ እኩለ ሌሊት የሚቆይ፣ ቤተሰብ የሚቀመጥበት ቦታ መሆኑ ለሙስሊም ወጣቶች ትልቅ ነገር ነው። እዚያ ከሚቀርቡት አንዱ ቂሽር ነው፤ የቡናው ፍሬ ሳይሆን ቅርፊቱ ከዝንጅብል ጋር ተፈልቶ የሚጠጣ። ሐረር ያደገ ሰው የቡና ቅርፊት መፍላቱ አያስገርመውም፤ ሐሸር ቃህዋ ብሎ ያውቀዋል። ቡና ከእኛ አገር ተሻግሮ በየመን ሱፍዮች ዘንድ ለሌሊት ዚክር መንቂያ ሆኖ መጠጣቱ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተመዘገበ ነው። ሰልታ የሚባለው የየመኖች ወጥ ላይ የሚደረገው አረፋማ ነገርም ከአብሽ የሚሠራ ነው።

ከተማዋ የምትታወቅባቸው ሌሎች ምግቦችም አሉ፤ እነሱ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ግሪካውያን ስደተኞች ከ1910ዎቹ ጀምሮ የሚሸጡት «ኮኒ» የሚባለው ቋሊማ በዳቦ፣ በላዩ የሥጋ ቺሊ፣ ሰናፍጭና የተከተፈ ሽንኩርት ያለበት ነው። በተለምዶው ቤት ሥጋው ሐላል አይደለም፣ አንጀቱም ከአሳማ ሊሆን ይችላል፤ በዲርቦርን በሐላል ሥጋ የሚሠሩት አሉ። የፖላንዳውያኑ ፖንችኪ ደግሞ ውስጡ ማርማላታ ያለበት እንደ ቦምቦሊኖ ያለ ነገር ሲሆን ክርስቲያኖች ከጾም በፊት፣ በእኛ አነጋገር በቅበላ ሰሞን፣ የሚበሉት ነው። የጥንቱ አሠራር በአሳማ ስብ መጥበስ ስለሆነ ሥጋ የሌለበት ጣፋጭ ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም።

በዲርቦርንም ቢሆን ሁሉ ነገር እምነት የሚጣልበት ነበር ማለት አይደለም። በሰፊው ከሚታወቁት ጉዳዮች አንዱ በዲርቦርን የነበረ የማክዶናልድ ቅርንጫፍ ነው። ሐላል ዶሮ እየሸጥኩ ነው ሲል ሐላል ያልሆነ ዶሮ ይሰጥ ነበር የሚል ክስ በ2011 ቀረበበት። ድርጅቱ ጥፋቱን አላመነም፤ ነገር ግን በ2013 በ700 ሺህ ዶላር ክፍያ ተስማምቶ ጉዳዩን ዘጋ። ከገንዘቡ ከፊሉ ለአንድ የነፃ ሕክምና ክሊኒክና በዲርቦርን ለሚገኘው የዓረብ አሜሪካውያን ሙዚየም ተሰጥቷል። ከዚያ በኋላ በዲርቦርን ሐላል መሸጡን አቆመ። የሚሺጋን የወንጀል ሕግ ሐላል ያልሆነን ምግብ «ሐላል ነው» ብሎ መሸጥ ይከለክላል። ሕጉ ቢኖርም በየዕለቱ ማድ ቤቱ ውስጥ የሚገባ ሰው የለም።

ስለዚህ ሐላል የሚል ጽሑፍ በመስኮት ላይ መለጠፉ ብቻውን በቂ አይደለም። ሻጩን ሥጋው ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ሐቀኛ ሻጭ የአቅራቢውን ስም ይነግራል፣ ካርቶኑን የሚያሳይም አለ። በካርቶኑ ላይ የማረጋገጫ ተቋም ምልክት መፈለግ ነው፤ በአሜሪካ ብዙ ጊዜ የሚታየው በ1982 የተመሠረተው የኢፋንካ ምልክት ነው፣ ጨረቃ አጠገቧ «ኤም» የሚል የእንግሊዝኛ ፊደል ያለባት። አሳማም ሐላልም በሚሸጥበት ቤት ደግሞ የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ ትሪው ለብቻው ነው? በምንድን ነው የሚቀባው? መቁረጫው ይለያል? የዲትሮይት ትሪ ጥቁር የሚሆነው በላዩ ቅባት እየጠጣ ስለሚያረጅ ነው፤ ብዙ ቤቶች በሳሙና ፈትገው አያጥቡትም፣ ጠርገው ነው የሚያስቀምጡት። ይህን ያወቀ ሰው ትሪውን የሚጠይቅበት ምክንያት ይገባዋል። መጠጥ የሚቀርብበት ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ስለመብላት ደግሞ ዑለማዎች የተናገሩት የታወቀ ነው፤ ወደ ቤት ይዞ መሄድ ብዙ ጊዜ ያለ አማራጭ ነው።

ከሁሉም የሚሻለው እርግጥ በቤት መሥራት ነው። አገር ቤት ላሉ አንባቢዎቻችንም የሚሆነው ይሄ ስለሆነ አሠራሩን እናስቀምጥ።

25 በ35 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ትሪ 300 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 220 ግራም ውኃ፣ 5 ግራም ደረቅ እርሾ እና 9 ግራም ጨው ይበቃል። ውኃው የበዛ ይመስላል፤ ሊጡ እጅ ላይ የሚጣበቅ መሆን አለበት፣ ዱቄት ጨምሮ ማጠንከር ያበላሸዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ሊጥ ቶሎ ይነሳል፤ እርሾውን ወደ 3 ወይም 4 ግራም ዝቅ ማድረግ ይሻላል። ሊጡ እጥፍ እስኪሆን ይቆይ፣ ከዚያ ዘይት በደንብ በተቀባ ትሪ ላይ በጣት እየተጫነ ይዘርጋ። አልዘረጋ ብሎ ወደ ኋላ ከተሰበሰበ ለሩብ ሰዓት ሸፍኖ መተውና እንደገና መሞከር ነው። በትሪው ላይ ሆኖ በድጋሚ ከፍ እስኪል ይጠበቃል።

ብሪክ ቺዝ በአገራችን ስለማይገኝ ፕሮቮሎኔ ቺዝን ከሞዛሬላ ጋር ቀላቅሎ መጠቀም ይቻላል፤ ወደ 340 ግራም ያህል፣ ተፈቅፍቆ ሳይሆን በትንንሹ ተቆርጦ። ከቺዙ በፊት ሊጡ ላይ በነጭ ሽንኩርትና በጥቁር አዝሙድ ጠበስ ያለ የተፈጨ የበሬ ሥጋ መበተን ይቻላል፤ ውኃው በደንብ ይድረቅ። ቺዙ ጠርዙ ድረስ ይድረስ፣ ብረቱን ይንካ። ስጎው ቀድሞ እስኪወፍር ይብሰልና በላዩ በሦስት መስመር ይፍሰስ። ኦቨኑ እስከሚችለው ድረስ ይጋል፤ ከ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከሆነ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል፣ የቤት ኦቨን ከደከመ እስከ 20 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። ትሪው ከታችኛው መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። ጠርዙ ጠቆር ሲል አትደንግጡ፤ ቡናማ ሲሆን ያወጣ ሰው የሚያገኘው ለስላሳ ቺዝ ነው። ከኦቨን ሲወጣ ሳይቀዘቅዝ በቢላ ጠርዙን ዞር ዞር አድርጎ ማላቀቅ ያስፈልጋል፤ ከቀዘቀዘ ቺዙ ብረቱ ላይ ይቀራል።